ከዜና መዋዕል ወደ ልብ ወለድ፦ ዐፄ ቴዎድሮስና ተዋበች በአማርኛ ድርሰት

ዛሬ «ልብ ወለድ» የሚባለው የድርሰት ዓይነት ስሙን ያገኘው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ከተሰኘው መጽሐፍ ሲሆን፣ በኋላ ዘመን «ታሪክ» የሚለው ቃል ወድቆ የመጀመሪያው ብቻውን የዘርፉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። «ጦብያ» በሚል ስም ይበልጥ የሚታወቀው ይህ ሥራ ጦርነትን፣ ምርኮን፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጃገረድንና በመጨረሻም ጋብቻን ቢያጣምርም፣ ንጉሡ ማን እንደሆነና ዘመኑ መቼ እንደነበረ ለይቶ ስለማይናገር ታሪካዊ ልብ ወለድ ሊባል አይችልም። ታሪካዊ ልብ ወለድ በእርግጥ የኖረን ሰውና የታወቀን ዘመን ይዞ፣ መዝገቡ ዝም ያለበትን ቦታ በምናብ የሚሞላ ድርሰት ነው፤ ይህም ዓይነት ድርሰት በአማርኛ ሥር የሰደደው ከማንም ይልቅ በዐፄ ቴዎድሮስ በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የቋንቋው ጉዳይ ነው። ዜና መዋዕል፣ ማለትም የነገሥታት የዘመን ታሪክ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጻፍ የኖረው በግዕዝ ሲሆን፣ የቴዎድሮስ ታሪክ ግን ገና ከመጀመሪያው በአማርኛ ተጻፈ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የነበሩት አለቃ ዘነብ «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» የተባለውን ሥራ ጭምር የደረሱ፣ ለአማርኛ ስድ ንባብ ጆሮ የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ትረካቸውም አጭር፣ ፈጣንና ለንግግር የቀረበ በመሆኑ ከደብተራ ይልቅ ተራኪ የጻፈው ይመስላል። ይሁን እንጂ ዘነብ ለንጉሡ ያደሩ ሲሆኑ እስከ ንጉሡ ሞት አልደረሱም፣ አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ በንጉሡ ላይ ብዙ ወቀሳ አስፍረዋል፤ በመሆኑም ከእነርሱ በኋላ የመጣ ደራሲ ያገኘው አንድ የተዘጋ ታሪክ ሳይሆን ሁለት የማይስማሙ ምስክሮችን ነበር።

ሦስተኛው ምስክር ግጥም ነው። የዘመኑ ጦረኛ የሚወደሰው በፈረስ ስሙ ነበር፤ የፈረስ ስም ማለት ጌታው በሚጋልበው ፈረስ ስም «አባ» ተብሎ የሚጠራበት የማዕረግ መጠሪያ ሲሆን፣ የቴዎድሮስም «አባ ታጠቅ» ነው። ፎካሪው፣ አዝማሪውና አልቃሿ ይህን ስም እየጠሩ የገጠሙት ግጥም ዜና መዋዕሉ ብራና ላይ ሳለ በየመንደሩ ይዘዋወር ስለነበር፣ ንጉሡ ስለሞቱባት ስለ መቅደላ የሚያስብ አማርኛ ተናጋሪ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ስንኝ ነው። ደራሲዎቹ የጀግናውን ቁመና ከግጥሙ፣ የዘመቻውን ቅደም ተከተል ደግሞ ከመዝገቡ ወሰዱ።

ፍቅሩ ግን ሁለቱም ከሚገናኙበት ቦታ የመጣ ነው። ተዋበች የራስ ዓሊ ልጅ፣ የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ ነበረች፤ ለቋራው ካሣ፣ ለኋላው ቴዎድሮስ፣ የተዳረችውም ሸፍቶ ያስቸገረውን ሰው በዝምድና ለመያዝ ነበር። እንደሚተረከው ካሣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ተዋግቶ ቆስሎ በተመለሰ ጊዜ፣ ሐኪሙ ለሕክምናው የሰባ ላምና ቅቤ ቢጠይቅ፣ ካሣም ወደ መነን ቢልክ፣ ከግቢ የመጣለት አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ሆነ። ሥጋው እንደ ስድብ ተቆጠረ፤ ከሁሉ አብልጣ የተቆጣችውና ባሏን ለበቀል ያነሣሣችው ደግሞ የመነን የገዛ የልጅ ልጅ ናት። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ትዕይንት አይገኝም፤ የአንድ መንግሥት ውድቀት በአንድ ቁራጭ ሥጋና በአንዲት ሚስት ንዴት ውስጥ ይታያል። አባቷ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በባሏ ድል ሲሆን ተዋበች ከባሏ ጋር ጸናች፤ ጋብቻቸውም በቁርባን ነበር፤ ይኸውም እንደ ሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌ ፊት የማይፈታ፣ በዚያ ዘመን መኳንንት ዘንድ ብዙ የማይዘወተር ቃል ኪዳን ነው። በ1850 ዓ.ም. ልጅ ሳትወልድ ሞተች። የንጉሡ ጠባይ ከዚያ ወዲህ ከፋ የሚለው አባባል በታሪክ ምክንያትነቱ ያከራክራል፤ የመሣፍንቱ ዐመፅና የሠራዊቱ መሳሳት ብቻቸውን ይበቁ ነበርና። በድርሰት ምክንያትነቱ ግን ማንም አልተከራከረበትም።

ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተባለውን ታሪካዊ ተውኔት በ1942 ዓ.ም. አሳተሙ፤ የዘመናዊው አማርኛ ተውኔት ጀማሪ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ልጅ መሆናቸው እዚህ ላይ ያለ ቦታው አይነሣም። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የቆሎ ተማሪውን በዛብህንና የባላባት ልጅ ሰብለ ወንጌልን ይዞ ብቅ አለ፤ ከሁለቱ ርዕሶች አንዱ ዕንባን፣ ሌላው መቃብርን መያዙ የዘመኑን ስሜት ያሳያል። ከሦስት ዓመት በኋላ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን አወጣ። አቤ ቀደም ሲል «አልወለድም» የተባለው መጽሐፉ የታገደበት ደራሲ ነበርና፣ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ስለሞተ ንጉሥ መጻፉን እንደ ሽሽት ብቻ ማየት አይገባም። የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባለ የተሰደበ ሰው በክንዱ መንገሡን መተረክ፣ ሥልጣን በዘር ሐረግ በሚቆጠርበት አገር ራሱን የቻለ ንግግር ነበር፤ ሳንሱርም በጀግና ውዳሴና በፍቅር ታሪክ የተሸፈነን ሐሳብ ነቅሶ ማውጣት ይከብደዋል።

በዚህ ሁሉ ጎን የቀረችው ጥሩወርቅ ናት። የደጃዝማች ውቤ ልጅ ስትሆን፣ አባቷ ሊነግሡባት ያሠሯት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ የነገሡባት ሆነች፤ እርሷም አባቷን ላሰረ ሰው ሚስት ሆና ዓለማየሁን ወለደች፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ስትወርድ በመንገድ ሞተች። ተዋበች የተወደደችበት ስፍራ ላይ እርሷ እንደ ጥላ ብቻ ትታያለች። ሆኖም ስለ እርሷ የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ ዳዊት ስትደግም ንጉሡ ቢገቡ ሳትነሣ ቀረች፣ ለምን ብለው ሲጠይቋትም ከእርሳቸው ከሚበልጥ ጌታ ጋር እየተነጋገረች መሆኗን መለሰችላቸው።