ዕቃን በወገን መለየት፦ ከግምጃ ቤት እስከ ጥገና ሶፍትዌር



የዛሬው ርእሴ ሲሰማ የንብረት ክፍል ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። የጥገና ሥራን የሚመራ ሶፍትዌር ሲዘረጋ ዕቃዎች በምን በምን ምድብ ይከፈሉ? እኔ የታሪክ ሰው እንደ መሆኔ ጥያቄውን ከኋላ እጀምረዋለሁ። በሀገራችን ዕቃን በወገን በወገኑ መለየት የቆየ ልማድ ነው፤ አዲሱ ነገር የምንለይበት ምክንያት ነው።

የቤተ መንግሥቱ ንብረትና አገልግሎት በ«ቤት» ይከፈል ነበር፦ ግምጃ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ወጥ ቤት። እያንዳንዱ ቤት ተጠያቂ ሹም ነበረው፤ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በጅሮንድ ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘብ ሚኒስትርነቱን ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ሰጡ። በዚህ ሥርዓት የምድቡ ዋና ጥያቄ «ዕቃው በማን እጅ ነው?» የሚል ነበር።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ይህንኑ ጥያቄ ወርሰዋል። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ «ቋሚ» ወይም «አላቂ» ተብሎም ይመዘገባል። ይህ አመዳደብ ዕቃውን ከመጥፋት ይጠብቃል፤ ከብልሽት ግን አይጠብቅም። በቋሚ ዕቃ መዝገብ ጠረጴዛና ማይክሮስኮፕ እኩል ናቸው፤ ለጠረጴዛው መወልወል ሲበቃው የማይክሮስኮፑ ሌንስ ግን ከእርጥበትና ከሻጋታ ካልተጠበቀ ያገለግላል ማለት ዘበት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ዕቃው ምን ይፈልጋል?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ተወልጄ ያደግሁበት የጋይንት ምድር ቀድሞ አይቶታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ በጋፋት የተሠራውን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ይዘው ነበር። መድፉ እንዲያልፍ ገደል ተደርምሶ መንገድ ተጠረገ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጎተተው፤ ጉዞውም ወራት ፈጀ። «መድፍ፣ 1» ብሎ የመዘገበ ጸሐፊ አልተሳሳተም፤ ዳሩ ግን መንገዱን፣ ሠረገላውን፣ ጠፍሩንና ጎታቹን አላሰበም።

የጥገና ሶፍትዌር ምድብ ይህን እንዲያስብ የታሰበ ነው። አንድ አውቶክሌቭ በ«ማምከኛ» ወገን ሲመዘገብ የፍተሻ ጊዜው፣ መለዋወጫው፣ የባለሙያው ዓይነትና የአደጋው ደረጃ ከወገኑ ጋር አብረው ይመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው ሥፍራን ምድብ ማድረግ ነው። «ማዋለጃ» ወይም «ላቦራቶሪ» የዕቃው አድራሻ እንጂ ወገኑ አይደለም፤ ዕቃው ሲዛወር አድራሻው ይለወጣል፣ ወገኑ አይለወጥም። ሁለተኛው «ልዩ ልዩ» የሚባለው ምድብ ነው፤ ያስቸገረ ሁሉ እዚያ ይጣላል፤ እዚያ የተጣለውንም የሚጠይቀው የለም።

ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ንፋስ መውጫ በመራራ መንገድ ተምራዋለች። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ የሕክምና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። ከእንዲህ ያለ ጥፋት በኋላ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ምን ነበረ? የትኛውስ ይቅደም? ለመጀመሪያው የበጅሮንዱ ዓይነት መዝገብ መልስ ይሰጣል። ለሁለተኛው ግን የቋሚ ዕቃ ቁጥር አይበቃም፤ ወላድን ለማትረፍ፣ ቀዶ ሕክምናን ለማስቀጠል የትኛው ወገን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

ስለዚህ የቀድሞውን ሥርዓት እንጣለው አልልም። ተጠያቂ የሌለው ዕቃ ይጠፋል፤ ፍላጎቱ ያልታወቀ ዕቃም በቆመበት ይበሰብሳል። ምድብ የምታወጡ ወጣት ባለሙያዎች ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለቱንም ጥያቄዎች በወረቀት ላይ መልሱ።