ስለ ፈሳሽ ክሪስታል ሌዘር አጀማመር

በኮልፌ ቀራንዮ ስልክ ከሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ሲመጣ፥ እንደ ፈሰሰ ቀለም የተንሰራፋ ጥቁር ነገር ብዙ ጊዜ ይታይበታል። ይህም የሚሆነው በመስተዋቶቹ መካከል ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ከቦታው ሲለቅ ነው። የዚሁ ነገር ዘመድ ሌዘር ለመሥራት ያገለግላል፤ ታሪኩን ግን ብዙዎች በ1998 ሲጀምሩት እኛ አንስማማም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1888 የኦስትሪያው የዕፀዋት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ራይኒትዘር በፕራግ ከካሮት የወጣ ኮሌስትሮል ሲመረምር፥ ከዚሁ የተሠራ አንድ ውሑድ ሁለት ጊዜ ሲቀልጥ አየ፤ ይኸውም በ145.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደፍርሶ ይቀልጣል፥ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ይጠራል። ራይኒትዘር የፊዚክስ ሰው አልነበረምና ነገሩን ለጀርመናዊው ሊቅ ለኦቶ ሌማን ጻፈለት። ሌማንም በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ፥ ፈሳሹ እየፈሰሰ ሳለ ለብርሃን እንደ ክሪስታል መሆኑን አረጋገጠ።

የዚህ ዓይነቱ ፈሳሽ ሞለኪዩሎች እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይደረደራሉ። የጠመዝማዛው አንድ ዙር ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ጋራ ሲቀራረብ ያንን ኅብር ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በ1960 ቴዎዶር ሜይማን በሠራው በመጀመሪያው ሌዘር፥ ብርሃኑ እንዲመላለስ የሩቢው ዘንግ ጫፎች በብር ተለብጠው ነበር። እዚህ ግን ጠመዝማዛው ራሱ መስተዋት ስለሚሆን፥ የሚያበራ ቀለም ተቀላቅሎበት በሌላ ሌዘር ብልጭታ ቢመታ ይበቃል። ሙቀቱ ሲለወጥም ኅብሩ ይለወጣል።

በ1973 ጎልድበርግና ሽኑር የተባሉ ሰዎች ይህን ሐሳብ በአሜሪካ በፓተንት አስመዘገቡ። በ1980 ኢልቺሺንና ጓደኞቹ በኪየቭ ሠርተው፥ ኅብሩ የሚለዋወጥ ጨረር ማግኘታቸውን በሶቪየት የፊዚክስ መጽሔት አወጡ። በ1998 ኮፕ፥ ጄናክና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ፥ ሌዘሩ ከሚመለሰው ኅብር ዳር ላይ በትንሽ ኃይል እንደሚነሣ አሳዩ። ብርሃን በዚያ ዳር እጅግ ይዘገያልና። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን ስላጎላው ታዋቂነቱ አያስገርምም፤ ዳሩ ግን ምክንያትን ማስረዳት አንድ ነገር ነው፥ ቀድሞ ማብራት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያነቱን ለኪየቮቹ እንሰጣለን።

ከመካከላችን አንዱ፥ «ከተሰበረ ስልክ በሚወጣው ፈሳሽ መሞከር አይቻልምን?» ብሎ ጠይቆ ነበር። የስልኩ ፈሳሽ በራሱ አይጠመዘዝም፤ የሚጠመዝዘው ሌላ ውሑድ ሊጨመርበት ይገባል። ያም ቢገኝ፥ ጠብታዋን የሚመታው ሌዘር ከጠብታዋ ይልቅ እጅግ ይወደዳል።