የጣሪያ ላይ የነፋስ ተርባይን በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

የጣሪያ ላይ የነፋስ ተርባይን በመኖሪያ ቤት ጣሪያ፣ በግድግዳ ጫፍ ወይም ከቤቱ ጋር በታሰረ አጭር ምሰሶ ላይ ተተክሎ ለዚያው ቤት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ አነስተኛ መሣሪያ ነው። ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ብዙውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ከ1 እስከ 3 ሜትር ይሆናል፤ አቅሙም በሻጩ ወረቀት ላይ ከጥቂት መቶ ዋት እስከ 2 ኪሎ ዋት ተብሎ ይጻፋል። በአዳማ (ናዝሬት) ይህ መሣሪያ ከሌሎች ከተሞች ይልቅ አሳማኝ መስሎ መታየቱ አይገርምም። ከተማው ከምዕራብ በኩል በሚነሳው ገደላማ ከፍታና ከምሥራቅ በተዘረጋው ስምጥ ሸለቆ መካከል የተቀመጠ፣ በነፋሱና በአቧራው የታወቀ ነው፤ ነዋሪው ቀና ባለ ቁጥርም በሸንተረሩ ላይ የተደረደሩት ነጫጭ ተርባይኖች ይታዩታል። ነገር ግን በሸንተረሩ ላይ የሚነፍሰውና በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለተራ ቤተሰብ ጣሪያ ተርባይን መግዛትን ከሞላ ጎደል ትርፍ የሌለው ወጪ ያደርገዋል።

በሸንተረሩ ላይ ያለው ሥራ በሁለት ምዕራፍ የተካሄደ ነው። አዳማ አንድ በ2004 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 34 የጎልድዊንድ ተርባይኖች ተተከሉ፤ ጠቅላላ አቅሙ 51 ሜጋ ዋት፣ ወጪው ደግሞ 117 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በግንቦት 2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች ጨምሮ 153 ሜጋ ዋት አስገኘ፤ ወጪው 345 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን አብዛኛው በቻይና ኤክዚም ባንክ ብድር ተሸፍኗል። ለአገሪቱ ሥራው ምክንያታዊ ነበር። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በቅርብ ርቀት የሚሠራው የቆቃ ግድብም ሆነ ሌሎቹ የውሃ ማመንጫዎች ዝናብ የሚጠብቁ ናቸው። በበጋ የግድቦች ውሃ ሲቀንስ የስምጥ ሸለቆ ነፋስ ይበረታልና አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ከዚህ ስኬት ተነስቶ «እኔስ በቤቴ ላይ ለምን ትንሿን አልተክልም?» የሚለው ጥያቄ ተፈጥሯዊ ነው፤ መልሱን የሚሰጠው ግን የነፋስ ጠባይ ነው።

ነፋስ የሚሸከመው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ በነፋስ ጉዳይ ጥቂት የሚባል የፍጥነት ልዩነት የለም። በሸንተረሩ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የተለካው አማካይ ፍጥነት በሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጌታቸው በቀለና ስዊድናዊው ብዮርን ፓልም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ግን በ10 ሜትር ከፍታ በተወሰደ ልኬት መሠረት የናዝሬት አማካይ 4 ሜትር በሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የአዲስ አበባና የመቀሌ ውጤትም ተመሳሳይ ነበር። ናዝሬት በነፋስ ስሟ ብትገንንም በዚያ ከፍታ ከአዲስ አበባ የተለየች አለመሆኗ ልብ ሊባል ይገባል። ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ደግሞ 3 ሜትር በሰከንድ እንኳ አልሞላም። 10 ሜትር ከአንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ከፍ ያለ ቦታ መሆኑን፣ የሚቲዎሮሎጂ መለኪያም እንደ ደንቡ በገላጣ ስፍራ የሚተከል መሆኑን ካሰብን፣ በግቢዎች፣ በዛፎችና በአጎራባች ሕንጻዎች መካከል ያለ ጣሪያ የሚደርሰው ከዚህም ያነሰ ነው። የሚደርሰውም ቢሆን በየሕንጻው ጥግ ተሰብሮ የሚሽከረከርና አቅጣጫው የሚዋልል ነው። ተርባይኑ ከማመንጨት ይልቅ ነፋሱን ለመከተል ሲዟዟር ይውላል፤ ማሽከርከሪያውና ክንፎቹም ከጊዜያቸው በፊት ያረጃሉ።

ለመሣሪያው በጎ የሆነ ስሌት እንሥራ። ክንፎቹ የ2 ሜትር ክብ የሚሠሩ ተርባይን 3.14 ካሬ ሜትር ስፋት ይጠርጋል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ይህ ብቻውን ከሻጩ ወረቀት ላይ ያን ያህል ይቀንሳል። ማንኛውም ተርባይን ከነፋሱ ኃይል ከ59.3 በመቶ በላይ ሊወስድ እንደማይችል ጀርመናዊው አልበርት ቤትስ ካሳየ መቶ ዓመት አልፏል፤ ትንንሾቹ በተግባር ሩቡን ቢወስዱ ጥሩ ነው። ጣሪያው የከተማውን የ4 ሜትር በሰከንድ አማካይ ሙሉ በሙሉ ያገኛል ብለን ብንቸር እንኳ፣ የነፋሱን መለዋወጥ አስበን የምናገኘው በወር 34 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አማካዩ 3 ሜትር በሰከንድ ከሆነ ወደ 14 ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ ስለዚህ የተሻለው ውጤት በወር 10 ሰዓት የማይሞላ የእንጀራ ጋገራ ነው፣ የከፋው ደግሞ 4 ሰዓት። በዚያው ጣሪያ ላይ 2 ካሬ ሜትር የሚይዝ አንድ የ400 ዋት የፀሐይ ፓነል፣ ፀሐይ በቀን በካሬ ሜትር ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ በምትሰጥበት በዚህ አካባቢ፣ በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል። የሚዞር አካል የለውም፣ አይጮህም፤ አቧራውን በጨርቅ መጥረግ ብቻ ይፈልጋል።

ይህ የወረቀት ስሌት ነው ለሚል በእንግሊዝ የተደረገ ሙከራ አለ። አገሩ ከአውሮፓ ነፋሻ አገሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቢ ኤንድ ኪው የተባለው የሕንጻ ዕቃ መደብር ዊንድሴቭ የተባለውን የጣሪያ ተርባይን ለተራው ገበያተኛ ማቅረብ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ዎርዊክ ሙከራ ተብሎ በሚጠራው ጥናት በሕንጻዎች ላይ የተተከሉ 26 ተርባይኖች ሲለኩ፣ የቆሙበት ጊዜ ተቆጥሮ አንዱ በአማካይ በቀን 214 ዋት ሰዓት ብቻ አመነጨ፤ ይህ ባለ 9 ዋት አምፖል ቀንና ሌሊት ሲበራ ከሚፈጀው አይበልጥም። በአንዳንዶቹ ቤቶች ኤሌክትሪኩን ለቤት አገልግሎት የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚበላው ኤሌክትሪክ ተርባይኑ ካመነጨው በልጦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 መደብሩ ሽያጩን አቆመ፣ ዊንድሴቭም ፈረሰ።

ከሚነሱት ተቃውሞዎች ክብደት ያለው የመብራት መቆራረጥ ነው። ቤቱ የሚፈልገው ርካሽ ኤሌክትሪክ ሳይሆን መብራት ሲጠፋ የሚደርስ ኤሌክትሪክ ነው፤ ፀሐይ በሌሊት የለችም፣ ነፋስ ግን ሌሊትም ይነፍሳል ይባላል። እውነት ነው፣ ይነፍሳል። ነገር ግን መብራት በጠፋበት ሰዓት መንፈሱን ማንም አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ተርባይን ያለው ቤትም ባትሪ መግዛቱ አይቀርም። ባትሪ ከተገዛ ደግሞ ጥያቄው ባትሪውን በትንሽ ወጪ የሚሞላው የትኛው ነው ወደሚለው ይቀየራል፣ በዚያም ፓነሉ ያሸንፋል። ሁለተኛው ተቃውሞ የዋጋ ነው። በ2011 ዓ.ም. የታሪፍ ማሻሻያ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ በዚያ ዋጋ ከላይ ያሰላነው የ34 ኪሎ ዋት ሰዓት ምርት በወር 10 ብር አይሞላም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ጊዜው ሲደርስ ተርባይኑ ያዋጣል የሚሉ አሉ። ታሪፍ ሲጨምር ግን ከቤት የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ሁሉ ዋጋው ይወደዳል፤ ጥቅሙ አስቀድሞ ለሚበልጠው ለፓነሉ እንጂ ለተርባይኑ ተለይቶ አይደርስም።

ሌሎች ደግሞ ከተማው ወደ ላይ እያደገ ነውና ተርባይኑ በኮንዶሚኒየምና በፎቆች አናት ላይ ይተከል ይላሉ። በእርግጥም በዎርዊክ ሙከራ ከሁሉ የተሻለ ያመነጩት በረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎች ላይ የነበሩት ናቸው። የሆነ ሆኖ ነዋሪዎች በጩኸቱ ስላማረሩ ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆዩ። ፎቅ የነፋስ እጥረትን ያቃልላል፤ ንዝረቱና ድምፁ ግን በኮንክሪቱ ውስጥ ወርዶ ከተኙ ሰዎች ጆሮ ይገባል። በባህር ዛፍ አጣና ማገር ላይ ቆርቆሮ በተመታበት ተራ ቤት ደግሞ ጉዳዩ የጩኸት ብቻ አይደለም፤ ጣሪያው የተሠራው የራሱን ክብደት እንዲሸከም እንጂ ነፋስ ሲበረታ የሚጎትተውን ምሰሶ እንዲያጸና አይደለም። ወደ ላይ ቆሞ የሚሽከረከር ዓይነት ተርባይን አለ፣ ከየትም አቅጣጫ የመጣ ነፋስ ይስማማዋል የሚለው ማስታወቂያም እውነትነቱ በከፊል ነው። አቅጣጫ አይመርጥም፤ በሌለ ነፋስ ግን ማንኛውም ቅርጽ አያመነጭም። ክንፉንና ጄነሬተሩን የአዳማ በያጆች ሠርተው ያርክሱት የሚለውን ሐሳብ ማክበር ይገባል፣ ሙያውም አላቸው። ርካሽ ክንፍ ግን የጣሪያውን ነፋስ አያፈጥነውም።

መጠን በዚህ ቴክኖሎጂ ሁሉን ወሳኝ ነው። የአዳማ አንድ ተርባይን 77 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሠራል፤ ከ2 ሜትሩ ጋር ሲነጻጸር የሚጠርገው ስፋት 1,480 እጥፍ ገደማ ነው። የሸንተረሩ ፍጥነት የከተማውን እጥፍ ስለሆነ ይህን በ8 ስናባዛ፣ አንዱ የሸንተረር ተርባይን ወደ 12,000 የሚጠጉ ጣሪያዎችን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ዘርፉም የሚሄደው ወደ ትልቅነት ነው፤ በኢተያ አቅራቢያ በሚገኘው የአሰላ ፕሮጀክት ሲመንስ ጋሜሳ ለ100 ሜጋ ዋት የመደበው 132 ሜትር ክብ የሚሠሩ 29 ተርባይኖችን ብቻ ነው። ለአዳማ ነዋሪ የነፋስ ጥቅም የሚደርሰው በዚህ መንገድ፣ በዋናው መስመር በኩል ነው።

ይህ ሲባል ትንሽ የነፋስ መሣሪያ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኦሞ ወንዝ ዳር የሚሲዮን ባለሙያዎች የቀርጤስ ዓይነት ሸራ የለበሱ የነፋስ ወፍጮዎች ተክለው ለመስኖ ውሃ ይስቡ ነበር። ውሃ በገንዳ ይጠራቀማልና ነፋሱ ዛሬ ቢቀር ነገ ሲነሳ ይደርሳል፤ ሜዳውም ገላጣ ነው። በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ) ወይም በወለንጪቲ ዙሪያ ከመስመር የራቀ እርሻ ያለው ሰው ተመሳሳይ ዕድል አለው፣ ምሰሶውን በቂ ከፍታ ካወጣው። የባለሙያዎች ልማድ የክንፉ ታችኛ ጫፍ በ90 ሜትር ዙሪያ ካለው ሁሉ ቢያንስ 9 ሜትር ከፍ እንዲል ነው። ከተማ ውስጥ ይህን መስፈርት የሚያሟላ ግቢ ማግኘት ይቸግራል።

በዚህ አካባቢ ተርባይን ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ርካሽ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ገዝቶ፣ ተርባይኑ በሚተከልበት ትክክለኛ ቦታና ከፍታ ላይ በጋንም ክረምትንም ይለካ። የዓመቱ አማካይ 5 ሜትር በሰከንድ ካልሞላ ገንዘቡን ለፓነልና ለባትሪ ያውለው።