ከበሽታው ሴል የተወለደ መድኃኒት

ቶማስ ማክቢን የተባለውን የለንደን ነጋዴ ሐኪሞቹ በአልቅት ደሙን አስመጠጡት፤ የብረት መድኃኒትና ኩዊኒን ሰጡት፤ የአጥንቱ ሕመም ግን ባሰ። በ1845 እ.ኤ.አ. ሽንቱ ለሐኪሙና ለኬሚስቱ ሄንሪ ቤንስ ጆንስ ተላከ። እሱም ሲሞቅ የሚረጋ፣ ሲፈላ ተመልሶ የሚሟሟ ፕሮቲን አገኘበት። ማክቢን ጥር 1 ቀን 1846 ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር አጥንቶቹ ለስልሰው በቢላዋ በቀላሉ የሚቆረጡ ሆነው ተገኙ። በሽታው ዛሬ መልቲፕል ማይሎማ ይባላል።

መነሻው በመቅኒ ውስጥ ያለው ፕላዝማ ሴል ነው። ጤነኛው ፕላዝማ ሴል ሰውነት ጀርም የሚከላከልበትን አንቲቦዲ ያመርታል። ካንሰር የሆነው ግን ያለ ልክ እየተባዛ ለምንም የማይበጅ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያመርታል፤ አጥንት ይቦረቦራል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ያንሳል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በ1975 የሆነው ነው። ጆርጅ ኮህለርና ሴሳር ሚልስታይን ካምብሪጅ ውስጥ የአይጥ ማይሎማ ሴልን አንቲቦዲ ከሚያመርት የአይጥ ጣፊያ ሴል ጋር አዋሐዱ። የጣፊያው ሴል በላቦራቶሪ ቶሎ ይሞታል፤ የማይሎማው ግን መባዛቱን አያቆምም። የተዋሐደው ሴል ከአንዱ ዕድሜን፣ ከሌላው ሙያን ወረሰ። የተፈለገው አንቲቦዲ ሳይደባለቅ፣ ሳያልቅ ይመረት ጀመር፤ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ የሚባለው ይኸው ነው። ሰው የሚገድለው የሴል ዓይነት የመድኃኒት እናት ሆነ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1984 ከኒልስ ዬርኔ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ለማይሎማ ሕሙማን ግን ፍሬው እስኪደርስ 40 ዓመት ፈጀ። የአይጥ አንቲቦዲን የሰው አካል እንደ ባዕድ ይዋጋዋል። በ1997 ለሌላ የካንሰር ዓይነት፣ ለሊምፎማ፣ የተፈቀደው ሪቱክሲማብ የተባለው አንቲቦዲ ደግሞ የሚያነጣጥረው ሲዲ20 የተባለ ምልክት ላይ ነው፤ አብዛኞቹ የማይሎማ ሴሎች ይህ ምልክት የላቸውም። ሕሙማኑ እስከዚያው በሜልፋላን፣ በፕሬድኒሶን፣ ኋላም በታሊዶማይድና በቦርቴዞሚብ በሚባሉ ሌሎች መድኃኒቶች ቆዩ። በመጨረሻ ፕላዝማ ሴል ላይ በብዛት የሚገኘው ሲዲ38 ዒላማ ሆነ። የሰው አንቲቦዲ ጂን በተሰጣቸው አይጦች አማካይነት የዴንማርኩ ኩባንያ ጄንማብ ዳራቱሙማብ የተባለውን አንቲቦዲ ሠራ፤ አሜሪካም በኅዳር 2015 ፈቀደችው። መድኃኒቱ ሲዲ38 ላይ ተጣብቆ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ካንሰሩን እንዲገድሉት ይጠራል። በደም ሥር ለሰዓታት ይሰጥ የነበረው በ2020 ከቆዳ ሥር በደቂቃዎች የሚወጋ ዓይነት ተጨመረለት።

በሽታው ዛሬም በብዙዎች ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ቢሆንም መድኃኒቱ የብዙዎችን ዕድሜ አርዝሟል። የኮህለርና የሚልስታይን ዘዴ በፓተንት አልታጠረም ነበር። ከዚያ ዘዴ የተገኘው መድኃኒት ግን በድሃ አገር ላለ ሕመምተኛ ዋጋው አይቀመስም። አምራቾችም መንግሥታትም ይህን ዋጋ ሊያወርዱት ይገባል።