የአራስ ጎጆ፦ መገለል ወይስ እረፍት?

አያቴ ጎንደር እያለች ልጆቿን የወለደችው ከቤቷ ውጭ፣ ጎጆ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ስሰማ አፈርኩ፣ ተናደድኩም። ታሪኩን ማጥናት ስጀምር ግን ነገሩ ሁለት መልክ እንዳለው አየሁ።

በቤተ እስራኤል ሥርዓት፣ ዘሌዋውያን 12 እንደሚያዘው፣ ወንድ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትለይ ነበር። ለወንድ የመጀመሪያውን 7፣ ለሴት 14 ቀን በመርገም ጎጆ፣ ቀሪውን በአራስ ጎጆ ታሳልፍ ነበር። ጎጆው በድንጋይ ይከበብ ነበር፤ ሴቶች ምግብ ድንጋዩ ጋ አስቀምጠውላት ይመለሱ ነበር። እሷ ለቤተሰቡ አትጋግርም፣ ውሃ አትቀዳም ነበር። ቀኑ ሲሞላ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ወንዝ ወርዳ ገላዋንና ልብሷን ታጥባ፣ መጽሐፈ አርድእት ተነብቦ ቤቷ ትገባ ነበር።

እስራኤል ሲመጡ መርከዝ ክሊታ ውስጥ ጎጆ አልነበረም። በሆስፒታል መውለድ የእናትንም የሕፃንንም ሕይወት ያተርፋል፤ ጎጆው ውስጥ ደም ቢበዛ ሐኪም አይገኝም ነበር። ግን ከሆስፒታል በጥቂት ቀን የወጣች እናት ወዲያው ማጀት ትገባለች።

አያቴን «ይናፍቅሻል?» አልኳት። «ብርዱ? አይ! ሴቶቹ ግን ይናፍቁኛል» አለች።

ስለዚህ ጎጆውን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ አንቁጠረው፤ ገነትም አናድርገው። እናንተም አያቶቻችሁን ሳይረፍድ ጠይቁ።