ጆሮውን የሚሸፍነው ልጅ በጉባኤያችን ቦታ አለው?

ይህ መልእክት መጀመሪያ በሬዲዮ የቀረበ ስብከት ነው። ብዙዎቻችሁ “በጽሑፍ ይሰጠን” ስላላችሁኝ አሳጥሬ አዘጋጅቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኑዛዜ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዳንግላ ሳገለግል አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ወደ ጉባኤ መጣች። ልጁ አይናገርም። ኪቦርዱ ሲጀምር፣ ድምፅ ማጉያው ሲከፈት፣ ሁለት ጆሮውን ሸፍኖ ጮኸ፤ ወለሉ ላይም ተንከባለለ። እኔስ ምን አደረግሁ? ወደ መድረክ አስመጣሁት። አስተናጋጆች እጁን ያዙት። ማይክራፎኑን እንኳ ሳላስቀምጥ “ውጣ!” እያልኩ ጮኽኩበት። ልጁ ባለቀሰ ቁጥር እኔ ድምፄን ጨመርኩ። ጉባኤው “አሜን” አለ። እናቲቱ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም አልመጣችም።

ወገኖቼ፣ ያ ልጅ ጋኔን አልነበረበትም። ኦቲዝም ነው የነበረው። ይህን ያወቅሁት ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁም እናንተ እኔ የሠራሁትን እንዳትደግሙት ነው።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም የአእምሮ እድገት ከሕፃንነት ጀምሮ በተለየ መንገድ መሄዱ ነው። ተላላፊ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። አንዳንዱ አይናገርም፤ አንዳንዱ ደግሞ አጥርቶ ይናገራል፤ ግን ከሰው ጋር መግባባት ይከብደዋል። ለእኔና ለእናንተ ተራ የሆነ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም ንክኪ ለእርሱ እንደ ሕመም ሊሆንበት ይችላል። የለመደው ነገር በድንገት ሲለወጥም ይጨነቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም እንዳለው ገምቷል። እንግዲህ ሁለት ሦስት መቶ ምእመናን ያሉት ጉባኤ “ይህ እኔን አይመለከተኝም” ሊል አይችልም።

ጥፋቱ በእናት ላይ የተጫነበት ዘመን

በ1943 በአሜሪካ ባልቲሞር ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም ስለ 11 ልጆች ጻፈ። ኦቲዝም በዓለም ዘንድ በሰፊው መታወቅ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን አሳዛኝ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ ምሁራን “ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ስለነሣችው ነው” አሉ። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አሳብ ይበልጥ አስፋፋው። ስንት እናት በዚህ ተሰበረች!

ይህን የተቃወመው በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ምሁር ነበር፤ ኦቲዝም ያለው ልጅ አባትም ነበር። በ1964 ባወጣው መጽሐፍ ምክንያቱ በሰውነት ውስጥ እንጂ በእናት ፍቅር ማጣት እንዳልሆነ ተከራከረ። በ1977 ደግሞ በብሪታንያ በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳየ።

እኛስ? እኛ “እናቱ ናት” ባንልም “መንፈስ ነው”፣ “የቤተሰቡ ኃጢአት ነው” አልን። ስሙ ይለያይ እንጂ ሸክሙ ያረፈው እዚያው እናት ትከሻ ላይ ነው። ደቀ መዛሙርቱም እኮ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው “ማን በደለ?” ብለው ጠይቀው ነበር። ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን አንብቡ። ጌታ ጥፋቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም።

ይህ ስሕተት ነፍስ እስከ ማጥፋት ይደርሳል። በ2003 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ የ8 ዓመት ልጅ፣ ኦቲዝም ያለው፣ “መንፈሱን እናስወጣለን” ብለው አጥብቀው ይዘውት ሲጸልዩ ሕይወቱ አለፈ። የያዙት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሚረዱት መስሏቸው ነው። እኔም ዳንግላ ላይ መስሎኝ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ሰውነቴን ይነዝረኛል።

በአገራችን

በኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ ወደ አደባባይ ያወጡት ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ሲኖሩ ኦቲዝም ላለው ልጃቸው የሚቀበል ትምህርት ቤት ማግኘት ተቸገሩ። በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ልጆች ከተዘጋባቸው ቤት እንዲወጡ ታገሉ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ከወላጆች ጥረት የተወለደ ነው።

በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ወደ ግማሽ የሚጠጉት በልጁ ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ። ከአራቱ አንዱ ገደማ ደግሞ ነገሩን ከሰው ለመደበቅ ይጥራሉ። ይህ በዋና ከተማው ነው። ማዕከል በሌለበት በገጠሩ ያለችው እናትስ?

የራሳችንን ታሪክ አንርሳ

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እኛ የተገፉ ሰዎች ልጆች ነን። በንጉሡ ዘመን የሙሉ ወንጌል አማኞች የምዝገባ ጥያቄያቸው ተከለከለ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። በደርግ ጊዜ አዳራሾች ተዘጉ፤ ተወረሱ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ተገደሉ። በሰሜኑ አገራችን ከዕድር የተባረረ፣ የመቃብር ቦታ የተከለከለ አማኝ ጥቂት አይደለም። “ቦታ የላችሁም” መባል ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ታዲያ እንዴት ያንኑ ቃል ለአንድ ሕፃን መልሰን እንናገራለን?

ሌላም ነገር አለ። በዚያ የስደት ዘመን አባቶቻችን በየቤቱ አምስትና ስድስት ሆነው፣ መስኮት ዘግተው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በለሆሳስ ይዘምሩ ነበር። ኪቦርድ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ። መንፈስ ቅዱስ ግን ይሠራ ነበር! ቤተ ክርስቲያን ያደገችው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ዛሬ ድምፅ ካልጮኸ ኃይል የሌለ የሚመስለን ከየት ተማርነው?

ማርቆስ 7 ላይ ጌታ መስማትና መናገር የተሳነውን ሰው እንዴት እንደረዳው ተመልከቱ። በሕዝቡ ፊት አላቆመውም። ከግርግሩ አውጥቶ ብቻውን ወሰደው፤ በእጁ እየነካም በሚገባው መንገድ ቀረበው። እኔ ልጁን ወደ መድረክ ጎተትኩት፤ ጌታ ግን ሰውየውን ከመድረክ አወጣው።

“ታዲያ አንጸልይ?”

እንጸልይ እንጂ! ጌታ ይፈውሳል፤ አጋንንትም ለስሙ ይገዛሉ። ነገር ግን ማቴዎስ 4፥24 የታመሙትንና አጋንንት ያደሩባቸውን ለይቶ ይቆጥራል። ቃሉ የለየውን እኛ አንደባልቅ። ደግሞም የፈውስ ጸሎት ልጁን ለመቀበል ቅድመ ሁኔታ አይሁን። ሜምፊቦስቴ እግሩ ሳይድን ነው ከንጉሥ ዳዊት ማዕድ የተቀመጠው።

ስለዚህ በየጉባኤያችን ይህን እናድርግ፦ ድምፅ ማጉያውን እንቀንስ። በበሩ አጠገብ ለእነዚህ ቤተሰቦች ቦታ እንተው፤ ሲከብደው ወጥቶ እንዲመለስ። ጸጥ ያለች አንዲት ክፍል ካለች እናዘጋጅ። ሳናስፈቅድ አንንካው፣ አንያዘው። የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች ነገሩን በሥዕል ያስረዱ፤ የዕለቱን ቅደም ተከተልም አስቀድመው ይንገሩት። እናቲቱ አንድ እሑድ እንኳ ቃሉን ተረጋግታ እንድትሰማ ተራ ገብተን ልጇን እንጠብቅላት። ሐኪም ቤት መሄዷንም እንደ እምነት ማጣት አንቁጠርባት።

በመጨረሻ ያቺን እናት ፈልጌ እንጅባራ አጠገብ ቤቷ ሄድኩ። ልጁ ደጅ ላይ የቀርከሃ ቁርጥራጮችን ከረጅሙ እስከ አጭሩ አንዱን እንኳ ሳያሳስት ይደረድር ነበር። “እህቴ፣ በድያችኋለሁ፤ ይቅር በይኝ” አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ “ፓስተር፣ እኔ የከፋኝ በጸሎቱ አይደለም” አለችኝ። “ከሁላችሁም አንድ ሰው እንኳ የልጄን ስም አልጠየቀም።”

ስሙን ጠየቅኋት። ነገረችኝ። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሳልነካው ቆየሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት ቀርከሃ አንሥቶ ወደ እኔ ገፋት።

አሁን በበሩ አጠገብ ይቀመጣል። አሁንም አይናገርም። አንዳንድ እሑድ ይወጣል፤ አንዳንዴም ይመለሳል። ጉባኤው ግን ስሙን ያውቃል።

ወገኔ፣ በሰፈርህ ሰው ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ የለም? በመንደርሽ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ያቆመች እናት የለችም? ይህን ጽሑፍ አጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት የዚያችን እናት ደጅ አንኳኩ። መጀመሪያም የልጁን ስም ጠይቁ።

ጌታ ሆይ፣ በአንተ ስም የገፋናቸውን ልጆችህን ይቅር በለን። ሳይናገሩ የሚያመልኩህን የምናይበት ዓይን ስጠን። አሜን። ተባረኩ።