ከጉድጓድ የወጡት ካሴቶች፤ የሐርጌሳ የድምፅ መዝገብና የድረ ገጽ ሥራ

የታሪክ መምህራን ስለ ታሪክ ምንጭ ስናስተምር ዘወትር የምንጀምረው ከድንጋይ ላይ ጽሑፍና ከብራና ነው። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ፣ ጠረፉን ተሻግሮ በምትገኘው በሐርጌሳ ግን ከታላላቆቹ የታሪክ ምንጮች አንዱ የቴፕ ካሴት ነው። ይህ ካሴት ከጉድጓድ ወጥቶ በኮምፒዩተር መዝገብ እንዴት እንደ ሰፈረ፣ ተማሪዎቻችን ዛሬ ድረ ገጽ ከሚያዘጋጁበት ዘዴ ጋርም ምን እንደሚያገናኘው ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሐርጌሳ ሬዲዮ ሥራ የጀመረው በ1943፣ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ዘመን፣ «ራዲዮ ኩዱ» በሚል ስም ነው። በዚያን ጊዜ የሶማሊ ቋንቋ ሁሉም የተስማማበት ፊደል አልነበረውም። ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ራሱን የቻለ ፊደል ቢያወጣም፣ የእርሱ ፊደል ደጋፊዎች፣ የዐረብኛው ደጋፊዎችና የላቲኑ ደጋፊዎች ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ኖረዋል። ቁርጥ ያለ ውሳኔ የተሰጠው በጥቅምት 1972 ሲሆን የተመረጠውም ላቲን ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ እጅግ ተራ ነው፤ ያሉት የጽሕፈት መኪናዎችና ማተሚያ ቤቶች አዲስ ቅርጽ ሳይቀረጽላቸው ሊጽፉት ይችሉ ነበር። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ሲ» የምትባለው ፊደል የ«ዐ»ን ድምፅ፣ «ኤክስ» ደግሞ የ«ሐ»ን ድምፅ እንዲይዙ ተደረገ። በ1974 ተማሪዎችና መምህራን ይህንኑ ፊደል ለማስተማር ወደ ገጠር ዘመቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በእኛም አገር የእድገት በኅብረት ዘመቻ እንደ ተጀመረ ልብ ይሏል።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግጥሙ፣ ዘፈኑና ክርክሩ ይኖር የነበረው በቃልና በጆሮ ነበር። እንደ አብዱላሂ ቀርሼ ያሉ ሙዚቀኞች ድምፃቸውን ለሕዝብ ያሰሙት በሬዲዮ ነው። ካሴት ሲመጣም ሰዎች ግጥሙን እየቀዱ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ወደ ውጭ አገርም ይላላኩት ጀመር። ዘመድ ለዘመዱ ደብዳቤ በድምፅ ይልክ ነበር።

በ1988 ጦርነቱ ሐርጌሳ ገባ። በሚያዝያ ወር የኢትዮጵያና የሶማሊያ መንግሥታት አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማምተው ነበርና፣ በኢትዮጵያ ምድር ሰፍሮ የነበረው የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ በግንቦት ወር መጨረሻ በሰሜኑ ከተሞች ላይ ጥቃት ከፈተ። የሲያድ ባሬ መንግሥትም ከተማይቱን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። አብዛኛው ከተማ ፈረሰ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ በሐርትሼክና በሌሎች መጠለያዎች ሰፈረ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ የሬዲዮ ጣቢያው ሠራተኞችና ሌሎች አስተዋይ ሰዎች ካሴቶቹንና የድምፅ ጥቅልሎቹን ከፊሉን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ ከፊሉን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩ። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሸሽ ካሴት መሸከሙ ለምን እንደ ሆነ ተማሪዎች ቢከራከሩበት መልካም ነው።

ሶማሊላንድ በግንቦት 1991 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ካሴቶቹ ቀስ በቀስ ይሰበሰቡ ጀመር። የሒሳብ ምሁሩ ጃማ ሙሴ ጃማ የመሠረቱት የሬድሲ የባህል ድርጅት ከ10,000 በላይ ካሴቶች በሐርጌሳ አከማችቷል። ይኸው ድርጅት ከ2008 ጀምሮ የሐርጌሳን የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ ቆይቷል።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ካሴትን ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ ከዳር እስከ ዳር ማጫወት ያስፈልጋል። አንዱ ካሴት 60 ደቂቃ ቢሆን 10,000ው 10,000 ሰዓት ይፈጃል። በቀን 8 ሰዓት በአንድ ማጫወቻ ብንሠራ 1,250 ቀን፣ ማለት እሑድን ሳያርፉ ከሦስት ዓመት በላይ ነው። በዚህ መካከል ሙቀትና እርጥበት ክሩን ይበሉታል።

ይሁን እንጂ የበለጠው ድካም ከዚያ በኋላ ነው። የተገለበጠው ድምፅ የማን ነው? የት፣ መቼ ተቀዳ? ግጥም ነው ወይስ ድራማ? ይህ ካልተጻፈ 10,000 ካሴት ማለት 10,000 ጊዜ «አላውቀውም» ማለት ነው። ከዚህ ላይ ነው የድረ ገጹ ነገር የሚመጣው። የመጀመሪያው ድረ ገጽ በ1991 ሲወጣ እያንዳንዱ ገጽ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ አንድ ስም ለማረም ገጹን ሁሉ መፈለግ ግድ ነው። ከ2001 በኋላ እንደ ድሩፓል፣ በ2003ም እንደ ዎርድፕረስ ያሉ በነፃ የሚታደሉ የይዘት ማስተዳደሪያ ፕሮግራሞች ወጡ። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከመቶ 40 በላይ የሚሆኑት በዎርድፕረስ ይሠራሉ። በእነዚህ ፕሮግራሞች ጽሑፉ፣ ስሙና ቀኑ በመዝገብ ለብቻ ይቀመጣሉ፤ የገጹ መልክ ደግሞ ለብቻ። አንባቢ ሲጠይቅ ሁለቱ ተገጣጥመው ይቀርባሉ። ስሙ በመዝገቡ አንድ ጊዜ ከታረመ በሁሉም ገጽ ይታረማል።

ማሽኑ ግን የተጻፈለትን ብቻ ያውቃል። መሐመድ የሚለው ስም በሶማሊኛው በ«ኤክስ»፣ በእንግሊዝኛው በ«ኤች» ስለሚጻፍ፣ መዝጋቢዎቹ በአንዱ ካልተስማሙ የአንድ ገጣሚ ሥራ የሁለት ሰው ይመስላል። እኛስ «ፀሐይ»ን ስንት ዐይነት እንጽፋለን? በፊደል በኩልማ የእኛ መንገድ የባሰ ረጅም ነበር። ሶማሊኛ በማንኛውም ኮምፒዩተር ወዲያው ሲጻፍ፣ ግዕዝ በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በፓወር ግዕዝ የተጻፈው በሌላው ፕሮግራም ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር።

የራሳችንን ገመና አንሸሽግም። አንዳችን የምናስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ድረ ገጽ ነበረው። የይለፍ ቃሉን የያዘው ባለሙያ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱ ሥራ ሲለቅ፣ ዓመታዊው ክፍያም ሳይከፈል ሲቀር ገጹ ጠፋ። በስቴንስል የተባዛው የድሮ መጽሔት ግን፣ ምስጥ ቢበላውም፣ ገሚሱ ዛሬም ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አለ።

ባለፈው ዓመት የታሪክ ክበባችን ተማሪዎች የአካባቢውን አረጋውያን በስልካቸው ይቀዱ ጀመር። ለእያንዳንዱ ቅጂ የተናጋሪው ስም፣ ቦታው፣ ቀኑና ርእሱ የሚሞላበት ወረቀት አዘጋጅተናል። የመጀመሪያዋን ተናጋሪ ስንቀዳ ወረቀቱ ገና አልነበረንም። ስለ አንድ የድርቅ ዓመት ለረጅም ጊዜ አጫወቱን፤ የትኛው ዓመት እንደ ሆነ ግን አልጠየቅናቸውም። ተመልሰን ስንሄድ አርፈዋል።